ያልተጻፈ ሕክምና አይከፈልም፤ ጤና ጣቢያ ለመድን ኦዲት እንዴት ይዘጋጃል?

“ኦዲት” ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን የገንዘብ ጉድለትና በፖሊስ የሚወሰድ ገንዘብ ያዥ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ብንሆንም ከዚህ ብዙ አንርቅም፤ ዜናችን “ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ጎደለ” ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግኩት ሌላ ዓይነት ኦዲት ነው። አንድ ጤና ጣቢያ “ይህን ሰው አክሜዋለሁና ይከፈለኝ” ሲል ሰውየውን በእርግጥ ማከሙን፣ በአግባቡ ማከሙን፣ የጠየቀውም ሂሳብ ትክክል መሆኑን የሚመረምር ኦዲት። ቦታው ወረታና ዙሪያዋን ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ያደግኩበት አገር ስለሆነ ብቻ አይደለም የመረጥኩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ስለነበረ ነው።

መድኑ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ጤና መድን ኤጀንሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 191/2003 ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል። ሐሳቡ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። እድርተኛ የሆነ ሰው መድንን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁሉም ያዋጣል፣ የደረሰበት ይረዳበታል። በእኛ አገር አብዛኛው አባወራ የዓመቱን መዋጮ ለመክፈል የሚመቸው ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ እጁ ላይ ብር ሲገባ ነው። መክፈል ለማይችሉት ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። በሙከራው ዘመን የፌዴራል መንግሥትም በአባላቱ መዋጮ ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር።

እንግዲህ አባሉ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይታከማል፣ ከኪሱ ሳይከፍል ይወጣል። ታዲያ ጤና ጣቢያው ገንዘቡን ከየት ያገኛል? ከመድኑ ጽሕፈት ቤት ጋር ውል አለው። ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒት፣ ለአልጋ ያለውን ሂሳብ ሰው በሰው ዘርዝሮ በየሩብ ዓመቱ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱም መርምሮ ይከፍለዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው አስቀርተው መድኃኒትና መሣሪያ እንዲገዙበት ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ከመድኑ የሚመጣው ገንዘብ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት መድኃኒት ማለት ነው። ከጥያቄው ላይ የተቀነሰ ብር ከመደርደሪያው ላይ የሚጎድል አሞክሳሲሊን ነው።

የሚጎድለው የት እንደሚያርፍ በቤተሰቤ አይቼዋለሁ። አክስቴ የመድኑ አባል ናት፤ መዋጮዋን አታጓድልም። ባለፈው ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ (ስሙን አልጠቅስም) ተመርምራ ማዘዣ ከተጻፈላት በኋላ “እትዬ፣ ይኸኛው የለንም፣ ከውጭ ይግዙ” ተባለች። ከግል መድኃኒት ቤት ገዛች። ቤት ስትገባ “ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው?” አለች። መልስ የሰጣት የለም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ በሚቀጥለው የዕድሳት ወቅት አባላት ይቀንሳሉ፤ አባላት ሲቀንሱ መዋጮው ይቀንሳል፤ መዋጮው ሲቀንስ ክፍያው ይዘገያል፤ ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒቱ ይጠፋል። ኦዲቱ በዚህ ሰንሰለት መሃል ነው የሚገኘው።

ኦዲት ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ካለ መልሱ የአከፋፈሉ ዓይነት ላይ ነው። ክፍያው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ከሆነ ብዙ ያከመ ብዙ ያገኛል። ይህ ለሥራ ያነሣሣል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ፈተናም አለበት። አንድ መድኃኒት የሚበቃውን በሽተኛ በሦስት መሸኘት፣ የማያስፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ ማዘዝ፣ ያልመጣን ሰው እንደመጣ አድርጎ መመዝገብ ሁሉ ሂሳቡን ያሳድገዋል። አባሉም ከኪሱ ስለማይከፍል “ለምን ይህን ሁሉ?” ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ ሲበዛለት ደስ ይለዋል። በታካሚው ፋንታ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የወረቀት ካርድ ትተው በኮምፒዩተር መዝገብ ለሚሠሩ ሐኪሞች የማበረታቻ ክፍያ አዘጋጅታ ነበር። ክፍያው በ2011 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በሜዲኬር በኩል አንድ ሐኪም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ 44,000 ዶላር ማግኘት ይችል ነበር። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ግን ኦዲተሮች መጡ። ማስረጃውን ለ6 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነበር፤ ከመስፈርቶቹ አንዱን ማስረዳት ያቃተው ሐኪም የዓመቱን ክፍያ በሙሉ እንዲመልስ ይደረግ ነበር። ሥራውን ሠርተው ወረቀቱን ያላስቀመጡ ሰዎችም ከከሳሪዎቹ መሃል ነበሩ። የወረታ ካርድ ክፍልና የአሜሪካ ክሊኒክ ምን ያገናኛቸዋል ብትሉ፣ የሚያገናኛቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ በዕረፍት ጊዜዬ ከካርድ ክፍል፣ ከፋርማሲና ከሂሳብ ሠራተኞች ጋር ተቀምጬ ወረቀቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ተከትያለሁ። የተረዳሁት ነገር ኦዲተሩ የሚከተለው መንገድ በሽተኛው የሄደበትን መንገድ መሆኑን ነው። ከካርድ ክፍል ይነሣል፣ በምርመራ ክፍል ያልፋል፣ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ፋርማሲ ደርሶ ሂሳብ ክፍል ይጨርሳል። በየደረጃው አንድ ጥያቄ አለው፤ “እዚህ የተጻፈው እዚያ ካለው ጋር ይገጥማል?”

ካርድ ክፍል ላይ የሚጠየቀው አባልነት ነው። ሰውየው በታከመበት ቀን አባልነቱ የታደሰ ነበር? መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶና የቤተሰብ ዝርዝር ከመጣው ሰው ጋር ይመሳሰላል? የመታወቂያው ቁጥር በካርዱ ላይ ተጽፏል? ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አካባቢ ግን የስም ነገር ራሱን የቻለ መከራ ነው። አንዲት እናት በመታወቂያዋ ጥሩወርቅ፣ በጎረቤት ጥሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሟ ልትጠራ ትችላለች። ታማ ስትመጣ የጠራችው ስም አንዱ፣ ባሏ ሲያስመዘግብ የተናገረው ሌላ ይሆናል። ዕድሜማ በግምት ነው፤ ባለፈው ዓመት 35 ያለች ሴት ዘንድሮ 32 ትላለች። ኦዲተር እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ሲያይ ሁለት ሰው ነው የሚታየው። ጥንቁቅ የሆነ ካርድ ክፍል ስሙን ከአፍ አይቀበልም፤ ከመታወቂያው ላይ እስከ አያት ድረስ ይገለብጣል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ካርዱን በቤተሰቡ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ለእኔ ከዝግጅቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የሚሠራው ግን ደመወዙ ከሁሉም ያነሰው ሠራተኛ ነው።

ምርመራ ክፍል ላይ የሚታየው የካርዱ ይዘት ነው። ታካሚው ምን ብሎ እንደመጣ፣ ሐኪሙ ምን እንዳገኘ፣ በሽታው ምን እንደተባለ፣ ምን እንደታዘዘለት፣ ቀንና ፊርማ። ክሊኒካል ኦዲት የሚባለው ዋና ሥራው እዚህ ነው፤ የሕክምና ሙያ ያላቸው ሰዎች ካርዶችን መርጠው ያነባሉ። ካርዱ ላይ “ጉንፋን” ተብሎ ማዘዣው ላይ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ካለ ይጠይቃሉ። የደም ምርመራ ተጠይቆ ውጤቱ ከሌለ ይጠይቃሉ። ካርዱ ላይ ቀኑ ሰኞ፣ ማዘዣው ላይ ሐሙስ ከሆነ ይጠይቃሉ። በጤና ሙያ ውስጥ “ያልተጻፈ አልተሠራም” የሚል አነጋገር አለ። ነርሷ በቀን ስልሳ ሰው አይታ፣ ምሳ ሳትበላ ውላ፣ የሃያውን ካርድ ሳትሞላ ብትሄድ ሃያው ሰው በእርግጥ ታክሟል፤ ለመድኑ ግን አልታከመም። ጨካኝ ሕግ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ግን ሌላ ምን ማመን ይቻላል? ያልመጣን ሰው የመዘገበም “በእርግጥ አክሜዋለሁ” ነው የሚለው።

በዚህ መሃል ብዙ ቅናሽ የሚያስከትል አንድ ወጥመድ አለ። መድኑ ከመምጣቱ በፊትም መንግሥት ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች አሉ። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትልና ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን ለመድኑ ማስከፈል አይቻልም፤ ወጪያቸው በሌላ በኩል ተሸፍኗልና። አንዲት እናት ለወሊድ መጥታ ጨጓራዋንም ብትታከም ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ነጻው ነጻ መዝገብ ላይ፣ የመድኑ የመድን መዝገብ ላይ። ሥራ ሲበዛ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይወርድና ኦዲተሩ ሲመጣ መስመር በመስመር ይሰረዛል። በተቃራኒው ደግሞ እንደ መነጽርና ለውበት ሲባል እንደሚሠሩ ሕክምናዎች ያሉ መድኑ ጭራሹን የማይሸፍናቸው አሉ። ዝርዝሩ ከውሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከማየት የተሻለ ዘዴ የለም።

ፋርማሲ ላይ ሲደረስ ሥራው ይጠነክራል፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ኦዲተሩ ማዘዣውን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። መድኃኒቱ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል? ከመጋዘን ወደ ማደያው በሞዴል 22 ወጥቷል? ቢን ካርዱ ላይ የቀረው ቁጥር በመደርደሪያው ላይ ከሚቆጠረው ጋር ይገጥማል? በክፍያ ጥያቄው ላይ የተጻፈው ዋጋ የመሸጫ ዋጋው ነው? ለምሳሌ በሩብ ዓመቱ ለመድን አባላት 900 እሽግ ሰጠሁ ያለ ፋርማሲ በመጋዘን ወረቀቱ የተረከበው በጠቅላላው 700 እሽግ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በዚህ በኩል ክልላችን የሚኮራበት ታሪክ አለው። የመድኃኒት ግብይትን ከደረሰኝ እስከ ቆጠራ ለኦዲት ክፍት የሚያደርገው፣ በምሕጻሩ ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር የተጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የወጣ መድኃኒት ዋጋውን፣ መጠኑንና የወሰደውን ሰው የሚያሳይ ወረቀት ይኑረው፤ የወሩ መጨረሻ ሲመጣ የወጣው፣ የተሸጠውና የቀረው ይደመር። ከእኛ ዘንድ ተነሥቶ ለአገር የተረፈ ነገር ስለሆነ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንድ ቀን ሄደው ቢዘግቡት ደስ ይለኛል።

የፎገራን ነገር ለብቻው ማንሣት አለብኝ። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጣና ዳር ያሉት እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎች መንገዳቸው ይቆረጣል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በአካባቢው ገና ይነሣል። ታካሚው በሐምሌ አይመጣም፤ ውሃው ሲሸሽ ወባውም ሲነሣ በመስከረምና በጥቅምት አንድ ላይ ይጎርፋል። በእነዚህ ወራት የሚሞላ ካርድ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የጎደለ መሆኑ አያስገርምም። ደግሞ ከመኸር በኋላ የዕድሳት ወቅት ይመጣል። ያልታደሰ መታወቂያ ይዞ የሚመጣ፣ ገንዘቡን ለቀበሌው ሰብሳቢ ከፍሎ ስሙ ገና ወደ ወረዳ ያልደረሰ፣ ደረሰኝ ብቻ ይዞ የሚለምን ይበዛል። “አባባ፣ ስምዎ ገና አልመጣም” ብሎ ሽማግሌ መመለስ ከባድ ነው። አክሞ መሸኘት ደግሞ የማይከፈል ሂሳብ መሸከም ነው። አንዳንዱ ጤና ጣቢያ የደረሰኙን ቁጥር ካርዱ ላይ ጽፎ ያክምና ስሙ ሲመጣ ያገናኘዋል፤ እኔ ካየሁት ሁሉ አስተዋይ ዘዴ ይህ ነው።

ሪፈርም አለ። ወረታ ባሕር ዳርን ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚያገናኝ መንገድ ላይ ስላለች በሽተኛው መኪና ካገኘ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት መሄድ አይከብደውም። በሙከራው ጊዜ በወጣው አሠራር ግን ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ ግልባጭ ጤና ጣቢያው ዘንድ መኖር አለበት፤ ሆስፒታሉ ሲጠይቅ የሚመሳከረው ከእሱ ጋር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም፣ ኦዲተሩም፣ የክፍያ ጥያቄውም እኩል ይቆማሉ።

አሁን ወደ መጥፎው ዝግጅት ልምጣ፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። “በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ” የሚል ስልክ ሲደወል አንዳንድ ቦታ ሌሊት መብራት ይበራል። ያልተሞሉ ካርዶች ይወጣሉ፣ ስኪብርቶ ይከፋፈላል፣ የሦስት ወር ሥራ በሦስት ሌሊት ይጻፋል። ይህ ዝግጅት ይባላል፤ ትክክለኛ ስሙ ግን ሰነድ መፈብረክ ነው። ሲመረመርም ያስታውቃል። የሃምሳ ሰው ካርድ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ቀለም፣ የሁሉም የሰውነት ሙቀት 37። ካርዱ ያረጀ፣ ጽሑፉ አዲስ። የጎደለ ካርድ የዚያን ሰው ሂሳብ ያስቀንሳል፤ የተፈበረከ ካርድ ግን የቀሩትን እውነተኛ ካርዶች ሁሉ ያስጠረጥራል። ለዚህ ነው የጎደለውን ጎደለ ብሎ ማቅረብ በሂሳብም ቢሆን የሚያዋጣው።

ደህናው ዝግጅት ምን ይመስላል ብትሉ፣ አሰልቺ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት አንድ ነርስ፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያና የሂሳብ ሠራተኛዋ ይቀመጡና ከሳምንቱ ካርዶች ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር ያወጣሉ። ካርዱን፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት፣ ማዘዣውንና የክፍያ ዝርዝሩን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የማይገጥመውን ለጻፈው ሰው ያሳዩታል። ሐኪሙ ታካሚውን ገና ያስታውሰዋልና የረሳውን ይሞላል፤ የዚያን ዕለት ቀን ጽፎ፣ ዘግይቶ መሞላቱን ገልጾ ይፈርማል። ከሦስት ወር በኋላ ቢሆን ማንም አያስታውስም። የወሩ መጨረሻ ላይ የመድን መዝገቡ ከክፍያ ዝርዝሩ ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ካልገጠመ ጥያቄው ወደ መድኑ ጽሕፈት ቤት አይሄድም። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር ወይም በጀት ሳይሆን የዓርብ ሁለት ሰዓት ነው። እርግጥ ሠራተኛ በጎደለበት ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት ራሱ ቅንጦት መሆኑን አልክድም።

ኦዲተሮቹ የመጡ ዕለት ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። ውሉን፣ የሩብ ዓመቱን የክፍያ ጥያቄ፣ የመድን መዝገቡን፣ የሞዴል ወረቀቶቹንና ያለፈውን ኦዲት ሪፖርት አንድ ክፍል ውስጥ ማቅረብ፣ ካርድ ሲጠይቁ ፈልጎ የሚያመጣ ሰው መመደብ ነው። ካርድ ጠፋ ማለት ሕክምናው ጠፋ ማለት ስለሆነ ፈላጊው ፎልደሮቹን የሚያውቅ ይሁን። ሥራቸውን ሲጨርሱ ያገኙትን ለሠራተኛው ያቀርባሉ። ዝም ብሎ መስማት ልማዳችን ነው፤ እዚህ ግን መናገር ያስፈልጋል። “ይህ ካርድ አለ፤ በአባት ስም ስህተት ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ነው” ማለት የሚቻለው ሪፖርቱ ሳይፈረም በፊት ነው። ያልተስማሙበትን ቅናሽም በጽሑፍ ማስመዝገብ ይገባል።

ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር። ስለ ጤና ጣቢያ ኦዲት የምንዘግብ ከሆነ “ስንት ብር ተቀነሰ?” ብለን ብቻ አንመለስ። ከተቀነሰው ውስጥ ስንቱ የውሸት፣ ስንቱ በነጻ መሰጠት የነበረበት፣ ስንቱ በእርግጥ ተሠርቶ ያልተጻፈ እንደሆነ እንጠይቅ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። ቀጥሎም ወደ ፋርማሲው መስኮት ጎራ ብለን ባለፈው ወር “የለም” የተባሉት መድኃኒቶች የትኞቹ እንደሆኑ ብንጠይቅ ባለሙያው ዝርዝሩን በእጁ ይዞታል።